ጠፍ የተባለው መሬት፦ ሰባት ቀን ከቄጠማዋ መምህር ጋር

ጥር 19፣ ደሴ

አውቶቡሱ ሐረጎን ወጥቶ ሲጨርስ መሽቶ ነበር። ደሴ ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ያዘኝ። ጦሳ ላይ ጉም ተኝቷል። መምህር መናኸሪያው በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ሆቴል መያዜን ልነግራቸው ስል፣ "ተው ልጄ፣ ወሎ መጥተህ ሆቴል?" ብለው ቦርሳዬን ተቀበሉኝ።

ስማቸውን አልጽፍም። እሳቸውም አይፈልጉም። በተሁለደሬና በቃሉ ገጠር ሰው የሚያውቃቸው "የቄጠማዋ መምህር" እያለ ነው። ሙያቸው ባዮሎጂ ነው። ረግረግ መሬት ሲያጠኑና ስለ ረግረግ መሬት ሲሟገቱ ከ30 ዓመት በላይ ሆናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አስተምረውኛል። በመጪው ሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲለኩ የኖሩባቸውን ቦታዎች አንድ ዙር ማየት ፈለጉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚጽፍላቸው ሰው ያስፈልጋል። ሲደውሉልኝ እሺ ለማለት አላመነታሁም። የራሴም ምክንያት ነበረኝ።

ማታ ቡና ተፈላ። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። መምህር ከመሬት አንዷን አንስተው ጣቴ ላይ አስቀመጡልኝና "በጣትህ አንከባላት" አሉኝ። ሞከርኩ፤ አልሄድ አለች። ግንዷ ሦስት ማዕዘን ነው። "ሣር ክብ ነው፤ ቄጠማ ጠርዝ አላት። በጨለማም ትለያታለህ" አሉ። "በል ንገረኝ፣ ይቺ ከየት መጣች?"

"ከገበያ።"

"ገበያስ ከየት አመጣት?"

እናታቸው ቄጠማ ሻጭ ነበሩ። ሐይቅ ዳር አጭደው፣ ለዓመት በዓል ተሸክመው ያመጡ ነበር። የመምህር የመጀመሪያ ደብተር የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። በረካው እስኪጠጣ ድረስ ስለ እናታቸው አወሩልኝ። ስለ ሥራቸው ግን አንድም ቃል አላነሱም።

ጥር 20፣ በኩታበር በኩል

ቦርከና የሚነሳው ከዚህ ነው። በታች ከተማ አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ እዚህ በእግር ይዘለላል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። የጎማ ቦቲ ታደርጋለህ። መረቡን ውሃው በሚወርድበት በኩል ትዘረጋለህ። ከዚያ ከመረቡ በላይ ያለውን ድንጋይ በእግርህ ታናውጣለህ። ድንጋይ ሥር ተደብቀው የሚኖሩት ትንንሽ ነፍሳት ተነቅለው መረቡ ውስጥ ይገባሉ። ነጭ ሳህን ላይ ገልብጠህ ትቆጥራለህ።

መምህር አጎንብሰው በመርፌ ጫፍ አንዷን አሳዩኝ። ጭራዋ ሦስት ክር ነው። ሲደርስላት ክንፍ አውጥታ ትበርራለች፤ ሆኖም አብዛኛውን ዕድሜዋን የምትኖረው ውሃ ውስጥ ነው። አየር የጎደለው ውሃ አይስማማትም። "እሷ ካለች ወንዙ ይተነፍሳል" አሉ። ሳህኑ በእሷ ተሞልቷል። ጻፍኩ።

በመልሱ መንገድ ላይ የተፋሰስ ሥራ የወጣ ሰው አገኘን። በዚህ ወቅት አዝመራው ተሰብስቧል፤ ገበሬው እርከን ይሠራል። መምህር ከመኪና ወርደው እጅ ለእጅ ሰላምታ ሰጡ። ግማሽ ሰዓት ቆመን ሄድን።

ጥር 21፣ ሐይቅ

ዛሬ አስተርዮ ማርያም ነው። የሚያርስ የለም። መምህር ሆን ብለው ነው ይህን ቀን የመረጡት። "በሥራ ቀን ገበሬን አቁሞ ማውራት ነውር ነው" ይላሉ።

መጀመሪያ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄድን። ገዳሙ ሴት አያስገባም። መምህር ከውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ደብተራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ እኔ ገባሁ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው። ድሮ ደሴት ነበር ይባላል፤ ዛሬ በአንድ በኩል ከየብስ ተገናኝቷል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ዛፉ ነው። ዙሪያው ያለው ኮረብታ ተራቁቶ፣ ይህ ምላስ የሚመስል መሬት ብቻ ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ነው። ውሃው ጠርዝ ድረስ ጥላ አለ።

ስመለስ መምህር አንድ አፈ ታሪክ ነገሩኝ። ድሮ እዚህ ሐይቅ አልነበረም ይባላል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት። እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው። ሴትዮዋ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ቀረች። ያቺ መሬት ደሴቷ ሆነች። መምህር ይህን ታሪክ ለተማሪ ሁሉ ይነግራሉ። ከእናታቸው ነው የሰሙት።

ሐይቁ ስፋቱ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ 80 ሜትር ያልፋል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፦ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከኮረብታው የታጠበ አፈር፣ ከማሳው የወረደ ማዳበሪያ፣ ከከተማው የመጣ ፌስታል መውጫ የለውም። ዳር ዳሩን የሚያበቅለው ቄጠማና ሸንበቆ ወንፊት ነው። ደለሉን ያስቀራል፤ ማዳበሪያውን ራሱ ይበላዋል። ወንፊቱ ከታረሰ ሐይቁ በቀጥታ ይቀበላል።

ውሃው ሲሸሽ የሚወጣውን መሬት ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል። እርጥብ ነው፤ ለም ነው። ማንም ያያል፣ ያርሳል። መምህር የሚያርሰውን ሰው ሲሳደቡ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬም ከአንድ ሽማግሌ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያወሩት ስለ ጤፍ ዋጋ ነው። መጨረሻ ላይ ግን "ከውሃው ስንት እርምጃ ነው የምትተዉት?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ዝም አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው አብረው እየተራመዱ ለኩ። እኔ ጻፍኩ።

ምሳ ዓሣ በላን፤ ቆሮሶ። ይህ ዓሣ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው ለምግብ ተብሎ የተጨመረው። ብዙ ቤተሰብ እንጀራው በእሱ ሆነ። ግን ዓሣው በዓይን እምብዛም የማይታዩ ደቃቅ የውሃ እንስሳትን በላ። እነሱ ደግሞ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ ዋቅላሚ የሚበሉት ነበሩ። የሐይቁ ውሃ ድሮ ከዛሬው እጅግ ይጠራ ነበር። መምህር ይህን ሲያስረዱኝ የዓሣውን አጥንት እየለቀሙ ነበር። "አጥማጁን ዓሣ አትብላ ልለው አልችልም" አሉ። "ግን አንድ ነገር ስትጨምር ምን እንደሚጎድል ቀድመህ ጠይቅ ማለት እችላለሁ።"

ጀንበር ስትጠልቅ ዳሩ ላይ ቆምን። ዓሣ በል ንስር ከሾላው ላይ ጮኸ። ዳክዬዎቹ ወደ ሸንበቆው ገቡ። አንዳንዶቹ ብርዱን ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ናቸው። መምህር በድንገት ስለ 66 ድርቅ አነሱ። 9 ዓመታቸው ነበር። ኮረብታው ሁሉ ቀይ ሆኖ፣ ከብቱ በየመንገዱ ወድቆ፣ እርጥብ ሆኖ የቀረው ይህ ዳር ብቻ ነበር። አንድ ላም ነበረቻቸው። እናታቸው ለሽያጭ ያጭዱት የነበረውን ቄጠማ ለእሷ አጨዱላት። ላሟ ተረፈች። ወተቷ ሁለት ታናናሾቻቸውን አተረፈ።

"ሰው ሳይንስ ተምራ ነው ረግረግ የወደደችው ይለኛል" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ጥር 22፣ አርድቦ

አርድቦ ከትናንቱ ሐይቅ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ትንሹ ሐይቅ ነው። ሲሞላ ትርፉ ወደዚያ ይወርዳል። ዙሪያውን በሞተር ፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል።

ጠዋት አራት ወጣቶች አገኘን። አንዱ ቆጣ ያለ ነው። "መምህር፣ ወፍ ልጄን አታበላልኝም" አለ። እኔ በውስጤ መልስ ማዘጋጀት ጀመርኩ። እሳቸው ግን "ፓምፑን መቼ ገዛኸው?" አሉት። ነገራቸው። "ያኔ ቱቦው ስንት ሜትር ነበር?" ነገራቸው። "አሁንስ?"

ልጁ ጓደኞቹን አየ። ቱቦውን ሁለት ጊዜ ቀጥሎታል። ውሃው እየራቀበት ነው የቀጠለው። ሌላኛውም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ወሬው የእነሱ ሆነ። በተራ ብናጠጣስ፣ ማታ ማታ ብናጠጣስ፣ ቦዩን በሸክላ ብንመርገውስ ተባለ። መምህር ተቀምጠው አዳመጡ። አንድ ጊዜ ብቻ ጣልቃ ገብተው ስለ ሐረማያ ነገሯቸው። ትልቅ ሐይቅ ነበር፤ ለመስኖና ለከተማ ሲሳብ፣ ደለል ሲሞላው ለዓመታት ደርቆ ነበር። ጀልባ የሚሄድበት ቦታ ላይ ከብት ተሰማራበት።

አንድ አዛውንት መጥተው ዱዓ አደረጉልን። "አላህ ውሃውን ያቆይልን፣ እናንተንም ያቆያችሁ" አሉ። አሚን አልን።

ከሰዓት በኋላ ነው ለመምህር የነገርኳቸው። ለዓመታት በውስጤ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው። ከምረቃ በኋላ የገባሁበት መሥሪያ ቤት የመሬት ቆጠራ ያደርግ ነበር። ቅጹ ላይ አራት ሳጥን ነበረ፦ እርሻ፣ ግጦሽ፣ ደን፣ ጠፍ። አንድ ቀን ከመኪና ሳልወርድ በመስኮት አንድ ጨፌ አየሁ። ውሃ ያቆረ፣ ቄጠማ የበቀለበት፣ ሰው የማይታይበት ሜዳ ነበር። ጠፍ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ "ባለቤት የለውም" ተብሎ ቦይ ተቆፈረለትና ተንጠፈጠፈ። በቀጣዩ በጋ ከሥሩ ያለው ምንጭ ደረቀ። በዚያ ስናልፍ ሴቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው ሽቅብ ሲሄዱ አይቻለሁ። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። የትናንቱን አፈ ታሪክ ስሰማ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

መምህር አላጽናኑኝም። ደስ አለኝ። ቦርሳቸውን ከፍተው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፤ እስከ 2016 ዓ.ም. ሥራ ላይ የነበረው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997። ረግረጋማ መሬት ላይ ያለው ብዝኃ ሕይወት እንዲጠበቅና በአግባቡ ጥቅም ላይ እንዲውል የሚለውን ቦታ በቀይ አስምረውበታል። ወረቀቱ ብዙ ከመታጠፉ የተነሣ ተሰንጥቋል። "ቢሮ ስገባ ወፍ አላነሳም ነበር፤ የማነሳው ይህን ነበር" አሉ። "አንተ ያኔ ይህን ታውቅ ነበር?" አላውቅም ነበር። "አለማወቅህን ግን ታውቅ ነበር። ሄደህ መጠየቅ ትችል ነበር።"

እስከ ደሴ ሌላ ነገር አላወራንም።

ጥር 23፣ ማይባር

ከደሴ በስተደቡብ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ማይባር ትንሽ ሐይቅ ናት፤ በገደላማ ማሳዎች ተከብባለች።

እዚህ ቦታ በአፈር ጥበቃ የሠራ ሁሉ ስሟን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በትብብር የመጀመሪያውን የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የከፈቱት እዚህ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ስንት እንደወረደ፣ ወንዙ ሲሞላ ስንት አፈር ተሸክሞ እንደሄደ በየቀኑ ይለካ ነበር። ወጣት ሳሉ መምህር እዚህ መጥተው አንድ ክረምት ሠርተዋል። ከጎርፉ በጠርሙስ ቀድተው፣ አጣርተው፣ የቀረውን ጭቃ አድርቀው ይመዝኑ ነበር። "ከዚያ በፊት ረግረግን ከረግረጉ ነበር የማየው" አሉኝ። "እዚህ ነው ቀና ብዬ ኮረብታውን ያየሁት።" ከላይ የታጠበው አፈር ከታች ረግረጉን ይደፍናል። ስለዚህ ለቄጠማ የሚሟገት ሰው ለእርከንም ይሟገታል። ከዚያ ወዲህ ስብሰባቸው ሁሉ ኮረብታ ላይ ካሉ ገበሬዎች ጋር ሆነ።

ዳገቱ አደከማቸው። ሁለት ጊዜ አረፍን። እጃቸውን ልይዝ ስል እምቢ አላሉም፤ ይህ አዲስ ነገር ነው።

ጥር 24፣ ኮምቦልቻ

ቦርከናን እንደገና አገኘነው። የደሴንም የኮምቦልቻንም ፍሳሽ ተሸክሞ፣ የፋብሪካውንም ጨምሮ ይወርዳል። ከርቀት ይሸታል።

ያው መረብ፣ ያው ነጭ ሳህን። ሦስት ጭራ ያላት ነፍስ አንዲትም አልተገኘችም። ሳህኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ቀይ ነው። ክር የሚያካክሉ ደም የመሰሉ ትሎች ናቸው። ቀይ የሆኑት እንደ እኛ ደም አየር የሚይዝ ነገር በሰውነታቸው ስላለ ነው። በዚያ ነው ሌላው የሚታፈንበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት። መምህር ሳህኑን ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ። ያንኑ ወንዝ ከአራት ቀን በፊት በእጃችን ቀድተን ፊታችንን ታጥበንበታል።

ትንሽ ወረድ ብሎ አንዲት ሴት ጎመን ታጠጣለች። ውሃው ከዚያው ወንዝ ነው። ምን እንደምላት አላወቅሁም። መምህር ሄደው አብረዋት ተቀመጡ። ስለ ወንዙ ሁሉን ታውቃለች፤ የቱ ቀን ምን ቀለም ይዞ እንደሚመጣ ሳይቀር ነገረቻቸው። ሌላ ውሃ የላትም። ይህን እንዳለ ጻፍኩት።

ጥር 25፣ ጨፋ

ሐርቡን አልፈን ወደ ከሚሴ አቅጣጫ ስንወርድ ሜዳው ተከፈተ። ሙቀት ነው። በዚህ ደረቅ ወር ዓይን እስኪታክተው ድረስ አረንጓዴ ነው። ቦርከና እዚህ ሲደርስ ይሰፋል፣ ይተኛል፣ በሸንበቆና በቄጠማ መሃል ቀስ ብሎ ያልፋል። ትናንት ያየነውን ሁሉ ጭቃና ቆሻሻ የሚቀበለው ይህ ሜዳ ነው። ሲወጣ ተጣርቶ፣ ዞሮ ዞሮ አዋሽ ይገባል። ሸክሙ ግን እዚህ እየተጠራቀመ ነው፤ መምህርን እንቅልፍ የሚነሳቸው ይህ ነው።

ዛሬ እ.ኤ.አ. በ1971 በካስፒያን ባሕር ዳር ባለችው ራምሳር ከተማ የረግረጋማ ቦታዎች ስምምነት የተፈረመበት ቀን ነው። በዓለም ዙሪያ ይከበራል። ለመምህር ሳስታውሳቸው ፈገግ አሉና መቆፈሪያውን ሰጡኝ።

ክንዴ እስኪጠልቅ ቆፈርኩ። አፈሩ ግራጫ ነው። እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። "ይህ ሽታ ውሃው ለረጅም ጊዜ እንደተኛ ይነግርሃል" አሉ። ከዚያ አንድ የሸንበቆ ሥር ሰንጥቀው አሳዩኝ። በግራጫው መሃል፣ ሥሩ ዙሪያ ብቻ አፈሩ እንደ ዛገ ብረት ብርቱካናማ ነው። ሸንበቆው በባዶ ግንዱ አየር ወደ ታች ያወርዳል። አየር የነካው ብረት ይዝጋል። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ለራሱ መተንፈሻ ይሠራል ማለት ነው። ይህን ነገር በክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። በእጄ ስይዘው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ መምህር ድካም ተሰማቸውና ጥላ ሥር ተቀመጡ። ደብተሩን ሰጡኝ። "የዛሬውን ብቻህን ሙላው" አሉኝ። የእሳቸው ደብተር ላይ "የመሬቱ ዓይነት" የሚል ሳጥን የለም። ያለው "ማን ይጠቀምበታል? መቼ?" የሚል ነው።

ሄድኩ፤ በእግሬ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ይኖራሉ። ከዚያ ከአፋር በኩል በበጋው የመጡ አገኘሁ፤ ዝናብ እስኪመጣ ይቆያሉ። በየት በኩል እንደሚገቡና መቼ እንደሚወጡ ከአገሬው ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረው ነው። ከኮረብታው የወረዱ አማራ ገበሬዎች በሬያቸውን አምጥተዋል። ለቤት ክዳን ሸንበቆ የሚያጭድ ወጣት አለ። ቄጠማ አስራ የተሸከመች ልጅ አለች፤ ለኮምቦልቻ ገበያ ነው አለችኝ። ከዳሩ ጉድጓድ ውሃ የሚቀዱ እናቶች አሉ። ሽመላዎቹንም ጻፍኩ። መስመሩ አልበቃ አለኝ። ገጹን ገልብጬ በጀርባው ቀጠልኩ።

ከአፋር የመጡ አንዲት እናት የምጽፈውን አዩ። አማርኛ በደንብ አይናገሩም፤ የኦሮሞው ጎረቤታቸው አስተረጎመልኝ። የጻፍኩትን እንዳነብላቸው ጠየቁ። "የአፋር ከብት፣ ከጥር እስከ ዝናብ" ብዬ አነበብኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ አይደለም አሉ። ጥጃ ያላቸው ላሞች ከሌሎቹ ጋር አይገቡም። ጥጃው ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ለእነሱ ዳር ዳሩ፣ ደረቅ ያለው ሣር ነው የሚተወው፤ ሌላ ሰው ከብቱን እዚያ አያስገባም። በዱላቸው ቦታውን ከዚህ እስከዚያ ብለው አሳዩኝ።

ስርዝ አድርጌ እንደገና ጻፍኩ። ከዚያ ቦታውን አብረን በእግራችን ዞርነው።